የኋላው ክፍልና የመራጮች መዝገብ

ኮርቢ፣ እንግሊዝ
ማርች 9 ቀን 2014

ለወንድሜ ሚስት ለእቴ ኢሽቤል፤

ይህች ወረቀት ደጅሽ ስትደርስ በደህና፣ ከምድጃሽ አጠገብ ተቀምጠሽ ታግኝሽ። ስኮትላንድ ላይ ብርዱ እንዳልለቀቃችሁ በቴሌቪዥን አይቻለሁ፤ የወንድሜ የዋልተር አምላክ ደረትሽን ይጠብቅልሽ። እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ አትደውዪልኝ፤ ሠላሳ ዓመት የብረት ቱቦ ሲንኳኳበት የኖረ ጆሮ ሰው አይሰማም። ልጄ ሞይራ እንኳ ስታናግረኝ ከንፈሯን ነው የማየው። ስትቆጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት እንነጋገር።

የምጽፍልሽ ለጉዳይ ነው። የሞይራ ባል ብሪስቶል ሥራ አግኝቷል፤ ኦገስት ሲያልቅ ይህን ቤት ለቀው ይሄዳሉ። አዲሱ ቤታቸው ጠባብ ነው፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ የማላውቀውን ደረጃ ስወጣና ስወርድ መኖር አልፈልግም። ሞይራ እዚሁ ኮርቢ ባለ የአረጋውያን ቤት ስሜን አስመዝግባ ወስዳ አሳየችኝ። ንጹሕ ነው፤ ሾርባውም አይከፋም። ግን ሁሉም በአንድ ዓይነት ወንበር ላይ ተደርድረው አንድ ቴሌቪዥን ያያሉ፤ ማንም ከማንም ጋር አይከራከርም። ወረፋዬ ደርሶ እንቢ ካልኩ ወደ መጨረሻ እመለሳለሁ። እሺ ካልኩ ደግሞ አልጋዬንም ቁም ሣጥኔንም ሰጥቼ ነው የምገባው፤ ከዚያ ወዲያ የት እወጣለሁ?

ዋልተር በሕይወቱ ሳለ «የኋላው ክፍል የአርቺ ነው፤ የእንግሊዝ ዳቦ ሲሰለቸው ይመጣል» ይል ነበር። ሰለቸኝ፣ እቴ። ክፍሉ አሁንም አለ ወይ? ጡረታዬን ይዤ ነው የምመጣው፣ ሸክም አልሆንብሽም። አንቺ ካለሽበት ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፤ ግን አሁንም ተኝቼ ስነቃ እጄ መብራቱን የሚፈልገው በዚያ ቤት ግድግዳ በኩል ነው።

እናንተ ደግሞ በሴፕቴምበር ድምፅ ሰጥታችሁ ከእንግሊዝ ልትፋቱ ነው አሉ። እኔ ተወልጄ ያደግሁበት አገር ጉዳይ ሲወሰን የሚጠይቀኝ የለም፤ ትናንት ከፖላንድ የመጣው ዳቦ ጋጋሪያችሁ ግን ይጠየቃል። እዚያ የሚኖር ብቻ ነው የሚመርጠው አሉን። ይሁን። ግን ንገሪኝ፣ እናንተ አንባቢዎች፤ ሐኪም ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የኔ ቢጤውን ሽማግሌ ማን ሊከፍልለት ነው?

ዋርሳሽ አርቺ


ካርንሎ፣ ስኮትላንድ
ማርች 24 ቀን 2014

ለተከበርከው ለጋሼ አርቺ፤

ሰላምታዬ ከነአክብሮቱ ይድረስህ። እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ሞይራንና ባሏን በሄዱበት ይቅናቸው። ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። እኔ ደህና ነኝ። ደረቴ ዘንድሮ አላስቸገረኝም።

ስለ ፍቺ ትላለህ። እዚህ እንዲያ ብትል ግማሹ ሰው ይቆጣሃል፤ ነጻነት ነው የምንለው። «የምንለው» ያልኩት በስህተት አይደለም። ብትደነቅም ባትደነቅም እኔ ዘንድሮ «አዎ» ነኝ።

ትምህርቴ በአሥራ አምስት ዓመቴ ልብስ ንጽሕና ቤት በር ላይ እንደ ቀረ ታውቃለህ። ግን ቤተ መጻሕፍቱ ክረምቱን ሙሉ ይሞቃል፣ እኔም ሄጄ የስኮትላንድ መንግሥት ስለ ነጻነቱ ያወጣውን መጽሐፍ ጨርሼዋለሁ። ከበር መደገፊያ ድንጋይ ይወፍራል። ከዚያ ደግሞ የተቃወሙትን አነበብኩ። የቤተ መጻሕፍቷ ልጅ «እሜቴ፣ ይህን እስካሁን የተዋሰው ሰው የለም፤ እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት» አለችኝ። ስለ ገንዘቡ የገባኝን ልንገርህ። ሁለቱም ወገን የሚጠቅሱት ቁጥር አንድ ነው። አንደኛው ነዳጁን ጨምሮ ያነበዋል፤ ሌላኛው ነዳጁ የሚያልቅበትን ቀን ጨምሮ ያነበዋል። ከለንደን የሚመጣልን ገንዘብ እኛው ልከነው የሚመለስ ነው የሚሉ አሉ፣ ከላክነው ይበልጣል የሚሉም አሉ። እኔ የማውቀው የካርንሎ ፋብሪካ ሲዘጋ ከእኛ መሐል የተጠየቀ ሰው አለመኖሩን ነው። ወረቀቱ ከሩቅ ተፈርሞ መጣ፤ ዋልተርም የምሳ ሣጥኑን ይዞ ተመለሰ።

ጎረቤቴ ኔቲ ሰላም ብላሃለች። «ያ በዳንስ እግሬን የረገጠኝ አርቺ ነው?» አለችኝ።

ክፍሉን በተመለከተ፣ ባዶ ነው ለማለት አይቻልም። የዋልተር መሣሪያዎች አሉበት፣ መጻሕፍቴም ወደዚያ ተሰደዋል። ስለ እሱ በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሃለሁ።

ጌታ በጎውን ያሰማን።
ኢሽቤል


ኮርቢ
ኤፕሪል 21 ቀን 2014

ለእቴ ኢሽቤል፤

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ፤ ከዓመት ዓመት ያድርስሽ። ለኔቲ ንገሪያት፤ እግሯን የረገጥኩት እግሯ ሁልጊዜ የኔ እግር ሊያርፍበት ያለው ቦታ ላይ ስለሚገኝ ነው።

አንቺ «አዎ»? ወንበሬን ይዤ ነው ያነበብኩት። አንቺ እኮ በዚያን ጊዜ፣ በሰባ ዘጠኙ... ተይው፣ ለትንሣኤ ቀን አይሆንም።

ቁጥሩን በደንብ ጽፈሽዋል፤ አንድ ነገር ግን ልጨምርልሽ። ኮርቢ ስደርስ ከተማው በሙሉ በአንድ ፋብሪካ ጭስ ይኖር ነበር። ዳቦ ቤቱ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ቄሱ ሳይቀር ከዚያ ነው የሚበሉት። ደሞዙ ጥሩ ነበር፤ እንግሊዞቹ ከዙሪያው መንደር እየመጡ ይቀኑብን ነበር። ከዚያ ተዘጋ። ወንዶች በጠራራ ቀን የአትክልት አጥር ቀለም ሲቀቡ ታያለሽ፤ ቀብተው ሲጨርሱ ደግመው ይቀባሉ። አንድ ነገር ላይ ቆሞ የሚኖር ምን እንደሚሆን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ነዳጅም አንድ ፋብሪካ ነው፣ እቴ። ዛሬ ዋጋው ሰማይ ነው። ሲወርድስ?

አሁን ጥያቄዬን ግልጽ ላድርገው። ኦገስት ከመግባቱ በፊት መምጣት እፈልጋለሁ። መጻሕፍትሽን አልነካም፤ አልጋዬን በመሐላቸው አስገባለሁ። አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ ከምደብቅሽ ብነግርሽ ይሻላል። የመራጮች መዝገብ ሴፕቴምበር 2 ይዘጋል ይላሉ። ከዚያ በፊት ካርንሎ ነዋሪ ከሆንኩ ስሜ ይገባል። «አይሆንም» ነው የምለው። ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ስለ አገሬ አንድ ጊዜ እንኳ ብጠየቅ ደስ ይለኛል።

ቶሎ መልሺልኝ። ሞይራ በየቀኑ «አክስቴ ምን አለች?» ትለኛለች።

አርቺ


ካርንሎ
ጁን 8 ቀን 2014

ለጋሼ አርቺ፤

እንደምን ከረምክ? የእግዚአብሔር ጥበቃ አይለይህ። ስለ ዘገየሁብህ አትቆጣኝ፤ እዚህ ቤት የቀረ ሰው የለም፣ ሁሉ ስብሰባ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ሰላምታ የማይለዋወጡ ሰዎች ሥጋ ቤት ሰልፍ ላይ ቆመው ስለ ፓውንድ ይጨቃጨቃሉ።

ባለፈው ማክሰኞ የሠራተኞች ክበብ አዳራሽ ክርክር ነበረ። ከ«አዎ» ወገን ቀጭን ወጣት መጣ፣ ከ«አይሆንም» ወገን ከኤድንብራ አንድ ባለ ከረባት ሰውዬ። ወጣቱ ግድግዳ ላይ የነዳጅ ገቢ የሚያሳይ መስመር ሰቀለ፤ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል። ኔቲ እጇን አወጣች።

«ልጄ፣ ያ መስመር ተራራ ነው?»

«ገቢ ነው፣ እማማ።»

«ተራራ ከሆነ እኮ ቁልቁለት ይኖረዋል። ለቁልቁለቱ ወረቀቱ አልበቃችሁም?»

አዳራሹ ሳቀ። ባለ ከረባቱም ሳቀ፤ ኔቲ ወደ እሱ ዞረችና «አንተ ምን ያስቅሃል? ያንተ መስመር እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ቁልቁለት ብቻ ነው» አለችው። ከዚያ ሰውዬው ስለ በጀት ጉድለት ተናገረ። በዓመት ከምናስገባው የምናወጣው ይበልጣል፤ ብቻችንን ከቆምን ወይ ግብር ይጨመራል ወይ ጡረታ ይቀነሳል አለ። ከኋላ አንድ የድሮ ማዕድን ቆፋሪ ተነሥቶ «ጉድለቱን ያመጣው ማን ነው? የሣጥኑ ቁልፍ በማን እጅ ነበር?» አለ። «እሺ፣ ቁልፉን ውሰደው፤ ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?» አለው ሌላው ከጎኑ። ወንድማማቾች ናቸው እኮ! ሚስቶቻቸው መሐል ገብተው አስቀመጧቸው።

ሲወጣ ሁሉም ሰው አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ቀረ፤ ወደ ቤቱ መሄድ የፈለገ ያለ አይመስልም። ዋልተር ቢኖር ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመኝ ነው የሞተው፤ ፓርላማው እንኳ ኤድንብራ ሲመለስ አላየም፣ በሦስት ዓመት ቀደመው።

ስለ ፋብሪካህ የጻፍከው እውነት ነው። ለሁለት ቀን ሳስበው ነበር። አሁንም ግን «አዎ» ነኝ።

ስለ ክፍሉ፣ የኋላው ግድግዳ እርጥበት ገብቶበታል። ልስኑ ተነሥቷል። ለሳኝ ጠርቻለሁ፤ ሲደርቅ አሳውቅሃለሁ። ጉልበትህ በእርጥብ ክፍል ይብስበታል ብዬ ነው።

እመቤት ኔቲ «ይምጣና እግሬን ይካሰኝ» ብላለች።

ኢሽቤል


ኮርቢ
ጁን 16 ቀን 2014

እቴ ኢሽቤል፤

ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን እየሳቅኩ ጀመርኩት፤ መጨረሻው ላይ ሳቄ ቆመ።

እርጥቡን እኔ ልተኛበት፣ ችግር የለም። ያ ግድግዳ እኔ ልጅ ሆኜም እርጥብ ነበር። እናታችን ጋዜጣ ትለጥፍበት ነበር፣ እኔና ዋልተር ተኝተን የእግር ኳስ ውጤት እናነብበት ነበር። ለሳኝ በአንድ ሳምንት የሚጨርሰው ሥራ ነው። ሞይራ ለአረጋውያኑ ቤት የምትመልሰው ቃል ትፈልጋለች።

እንግዲህ ጨክኜ ልጻፈው። በሰባ ዘጠኙ ማርች ስለ ኤድንብራ ፓርላማ ድምፅ በተሰጠበት ቀን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዋልተር ነግሮኛል። እሱ «አዎ» ነበር፣ አንቺ «አይሆንም» ነበርሽ፤ ከለንደን የሚመጣው ገንዘብ ከቆመ ፋብሪካው ይቆማል ብለሽ ፈርተሽ። ጠዋት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ነበር። «ያንተም የኔም ድምፅ ይጠፋፋሉ፤ ለምን እንበሰብሳለን? ሁለታችንም እንቅር» አልሽው። ቀራችሁ። የምስር ሾርባ ሠራሽለት።

ግን በዚያን ጊዜ ሕጉ ሌላ ነበር። ከተመዘገበው ሰው ሁሉ ከመቶ አርባው «አዎ» ካላለ አይጸድቅም ተብሎ ነበር። ቤቱ የቀረ ሁሉ፣ ከመዝገቡ ያልወጣ ሙት ሳይቀር፣ ለ«አይሆንም» ነው የጠቀመው። ብዙ የዋህ ሰው እንደ ዋልተር ተሳስቷል። አንቺ ግን ጋዜጣ ታነቢ ነበር።

ለነቀፋ አይደለም የማነሣው። ዘንድሮ የዋልተርን ድምፅ በእጅሽ ልትሰጪለት እንደምትፈልጊ ይገባኛል። እኔ መጥቼ ደግሞ እንዳላጠፋው ፈርተሽ ከሆነ፣ ንገሪኝ። ይህን ብቻ ነው የምጠይቅሽ። ለሳኙን ተይውና ንገሪኝ።

አርቺ


ካርንሎ
ኦገስት 11 ቀን 2014

ለጋሼ አርቺ፤

የጌታ ሰላም ከአንተ ጋር ይሁን። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ዋልተር የነገረህ እውነት ነው፤ አንድም የሚታረም ቃል የለውም። ከሁለት ቀን በኋላ ከሥራ ሲመለስ ጓደኞቹ ነግረውት ነበር። ኮቱን ሰቀለ፣ እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ። «ኢሽቤል፣ ከመቶ አርባውን ታውቂ ነበር?» አለኝ። ሣህኑን አቀረብኩለት። «እሺ» አለና በላ። ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን አላነሣብኝም። ቢያነሣብኝ ኖሮ እላለሁ አንዳንድ ጊዜ።

ፋብሪካውም መዘጋቱ አልቀረም።

እዚህ ሁሉም መስኮት ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ የኔቲ መስኮት ላይ ግን የድመቷ ፎቶ ነው ያለው። «ድመቴ ትወዳደር፣ ቢያንስ ከሣህን ላይ የቀረውን ትቆጥራለች» ትላለች። በቴሌቪዥን ትልልቆቹ ስለ ገንዘቡ ሲከራከሩ ኔቲ ቤት ሆነን አየን። ፓውንዱን እንይዛለን፣ አትይዙም፣ እንይዛለን፣ አትይዙም፤ እንደ ሕፃናት በገመድ ሲጓተቱ አለቀ።

ለሳኙ ሌላ ሥራ ይዞት ዘገየብኝ። ልስኑ ሙሉ በሙሉ የሚደርቀው በሴፕቴምበር አጋማሽ ነው አለኝ። ስለዚህ ከሴፕቴምበር 20 በኋላ ብትመጣ ክፍሉ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅሃል። የመኝታ አንሶላውን እኔ አዘጋጃለሁ።

እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።
ኢሽቤል


ኮርቢ
ኦገስት 27 ቀን 2014

እቴ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ቀኑን አየሁት።

ሞይራ ዕቃዋን በካርቶን አስራ ጨርሳለች። ከአረጋውያኑ ቤት ትናንት መጥተው አንድ ክፍል ተለቋል፣ እስከ ዓርብ መልስ ስጡን አሉ።

ለሳኙን ሰላም በይልኝ።

አርቺ


ካርንሎ
ሴፕቴምበር 20 ቀን 2014

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ አርቺ፤

ጤናህ እንዴት ነው? የት ሆነህ ይህን እንደምታነበው ስለማላውቅ ፖስታውን በሞይራ በኩል አድርጌዋለሁ።

አለቀ። ሰምተኸዋል። ሐሙስ ጠዋት ጭጋግ ነበር። ከኔቲ ጋር ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄድን። እንዲህ ያለ ሰልፍ በሕይወቴ አላየሁም፤ ሕፃን ያዘለ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ፣ ከሌሊት ሥራ የወጣ ሁሉ ነበር። ሁሉም ፀጥ ብሎ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገቡ ሰዎች። እርሳሱን ይዤ ምልክቴን አደረግሁ። ሳደርገው ቀለል ይለኛል ብዬ ለወራት ጠብቄ ነበር። ስወጣ ኔቲ «እንዴት ነው?» አለችኝ። «እርሳሱ ዱልዱም ነበር» አልኳት። 

ዓርብ ጠዋት ሬዲዮ ከፈትኩ። የእኛ ወረዳ በጠባቡ «አዎ» ብሏል፤ አገሩ ግን «አይሆንም» አለ። ልዩነቱ አራት መቶ ሺህ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። መንገድ ላይ ወጣቶች ያለቅሱ ነበር። ሥጋ ሻጩ «አይሆንም» ያለ ሰው ነው፤ ግን እሱም ደስ ያለው አይመስልም፣ ቢላዋውን ዝም ብሎ ይስላል።

ጋሼ አርቺ፣ ወጥ ቤት ተቀምጬ ያን ቁጥር ከወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ አየሁት። አንተ መጥተህ ስምህን አስመዝግበህ ቢሆን ኖሮ በቁጥሩ መጨረሻ ላይ አንዲት አሐዝ ትቀየር ነበር። ዋልተርም ከመቃብሩ ተነሥቶ ቢመርጥ ሌላ አንዲት። ያንን ለመጠበቅ ነው ያቆየሁህ።

ልስኑ ደርቋል። የደረቀው በጁን ነው።

አልጋውን አንጥፌአለሁ። መጻሕፍቱን ወደ ሳሎን አውጥቻቸዋለሁ፤ ሳሎኑ ጠቦ መንቀሳቀሻ የለም፣ ግን ክፍሉ ሰፊ ሆኗል። ዛሬም ነገም፣ በፈለግከው ቀን ና። ባቡር ጣቢያው ድረስ ኔቲና እኔ መጥተን እንቀበልሃለን። እባክህ ጻፍልኝ።

ኢሽቤል


ኮርቢ
ኦክቶበር 19 ቀን 2014

ለእቴ ኢሽቤል፤

እንደምን አለሽልኝ? ጌታ ይመስገን፣ እኔ በሕይወት አለሁ። በአዲሱ አድራሻ ጻፊልኝ፤ ፖስታው ጀርባ ላይ አስፍሬዋለሁ።

ያን ዓርብ ሞይራ ወረቀቱን ይዛ መጣች። «አባዬ፣ አክስቴ ምን አለች?» አለችኝ፤ ከንፈሯን አይቼ ነው የሰማኋት። «ልስን እያስለሰነች ነው» አልኳት። ፈረምኩ። አልጋዬን ለጎረቤት ሰጠን፣ ቁም ሣጥኑ በበሩ አልወጣ ብሎ በመጥረቢያ ተሰበረ። አሁን እዚህ ነኝ። ጡረታዬ በቀጥታ ወደ እነሱ ይሄዳል፣ ጉልበቴን የሚያሸኝ ሰው ይመጣል። ነርሷ ስታጠግበኝ ደስ ይላታል። ከዚህ ወጥቼ እንደገና ካርንሎ የምሄድበት አቅም የለኝም፣ እቴ። ሐኪሙም አይፈቅድም፤ ቢፈቅድም እኔ አልነሣም። ሰው አንድ ጊዜ ነው ዕቃውን የሚያስር በዚህ ዕድሜ።

የጻፍሽውን አነበብኩ። የነዳጁ ዋጋ መውረድ ጀምሯል፤ አይተሻል መሰለኝ። በዚህ አልኩራራም። የፋብሪካውን መዘጋት ያየ ሰው በዋጋ መውረድ አይደሰትም።

የዋህ ሽማግሌ አታድርጊኝ ብቻ። መጥቼ ቢሆን ኖሮ ተመዝግቤ «አይሆንም» እል ነበር። ድምፅሽን አጠፋው ነበር፣ ያለ ጥርጥር። ከዚያ አብረን ከትምህርት ቤቱ እንወጣና፣ እስከ ቤት ድረስ በመንገድ እየተሰዳደብን እንሄድና፣ ድንችና የተፈጨ ሥጋ እንበላ ነበር። አንቺ ሣህኔን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርገሽ ታስቀምጪልኝ ነበር። ለስድስት ወር ተኝቼ የማስበው ያንን መንገድ ነው። ሞይራ ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን የምለውን ሁሉ «እሺ አባዬ» ትለኛለች። እዚህም ሁሉም «እሺ» ነው። «ዝም በል፣ አርቺ፣ አልገባህም» የሚለኝ ሰው የቀረኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ስለ ዋልተርም ሁሉን የነገርኩሽ አይምሰልሽ፤ ከነገረኝ ላይ ያልጻፍኩልሽ ነበረ። አልተናደደም ነበር። «በግልጽ ብትጠይቀኝ ኖሮ እኮ እቀርላት ነበር፤ ዝናቡም ዝናብ ነበር» ነው ያለኝ። ከዚያ ደግሞ «ብትጠይቀኝ» አለ። እሱን ብቻ ነው ሁለቴ ያለው። ያኔ ልጽፍልሽ ይገባኝ ነበር። አልጻፍኩም። ለክርክር ይጠቅመኛል ብዬ አስቀመጥኩት።

አርቺ


ካርንሎ
ኦክቶበር 27 ቀን 2014

ለጋሼ አርቺ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን።

ክፍሉን አልነካውም። መጻሕፍቱን መልሼ ላስገባ ሁለት ጊዜ አንሥቼ አስቀመጥኳቸው። ኔቲ ትናንት መጥታ በሩ ላይ ቆመችና «ምን ታደርጊበታለሽ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። አልተቀመጠችም፤ ሻይዋን ቆማ ጠጥታ ሄደች።

አንተ መምጣት ካልቻልክ እኔ እመጣለሁ። ከእንግሊዝ ድንበር አልፌ አላውቅም፤ ዋልተር «ምን አለ እዚያ?» ይለኝ ነበርና። የአውቶቡሱን ሰዓት የቤተ መጻሕፍቷ ልጅ አወጣችልኝ፤ ሁለት ቦታ መቀየር አለብኝ። አንድ ሌሊት የማድርበት ርካሽ ቤትም ፈልጋልኛለች። በኖቬምበር ሁለተኛ ሳምንት ብመጣ እንግዳ ያስገባሉ ወይ? ካልፈለግከኝም ጻፍልኝ፤ እንደማትፈልገኝ ይገባኛል። አሁን ግን ሳልጠይቅህ አንድም ነገር አላደርግም።

ኢሽቤል


ኮርቢ
ኖቬምበር 2 ቀን 2014

እቴ፤

ሐሙስ ነይ። ረቡዕ ገላዬን የሚያጥቡኝ ቀን ነው፤ ቀኑን ሙሉ እነጫነጫለሁ። ዓርብ ቄሱ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ አይወጣም።

ያንን ክፍል አከራዪው። ለወጣት ስጪው፣ ከነዚያ መንገድ ላይ ሲያለቅሱ ካየሻቸው ለአንዱ። ባዶ ተቀምጦ እንዳትመለከቺው፤ እኔ አልመጣበትም፣ ይህ የተዘጋ ነገር ነው። ይቆጨኛል። እስካለሁ ይቆጨኛል፤ አንቺንም ይቆጭሻል፤ ምንም አናደርገውም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምንሽ። ስትመጪ ይቅርታ እንዳትዪኝ። ለእሱ የምመልሰው የለኝም። ስለ ነዳጁ፣ ስለ ጉድለቱ፣ ስለ ፓውንዱ ግን የፈለግሽውን በይ፤ ቀኑን ሙሉ አለሁ።

አርቺ